ያን ምሽት ያልጨረስነው ክርክር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ያህል ዓመት ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። ምክንያት አልደረድርልህም፤ ይቅር በለኝ።

ብዕር ያስነሳኝ የዚያ ምሽት ክርክራችን ነው። አንተ «ደም ያልተከፈለበት ነፃነት የውሰት ልብስ ነው» አልክ። እኔ ደግሞ ጋና ያለ ደም ከእንግሊዝ ነፃ ወጥታለች ብዬ ጠቅሼ፣ ኬንያና አልጄሪያም ቢታገሡ ኖሮ በምርጫ ካርድ ያገኙት ነበር ብዬ ተሟገትኩ። ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ጋና ዋና ከተማ አክራ ሄጄ ነበር፤ ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

ከባሕሩ ዳር፣ የእንግሊዙ ገዥ መቀመጫ ወደነበረው ክርስቲያንስቦርግ ግንብ በሚወስደው መስቀለኛ መንገድ ቆምኩ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ለእንግሊዝ በበርማ ጫካ ተዋግተው የተመለሱ ወታደሮች በዚያ መንገድ ይመጡ ነበር። መሣሪያ አልያዙም። የያዙት ለገዥው የሚሰጥ አቤቱታ ነበር፤ ጡረታችን ይከበርልን የሚል። ፖሊስ መንገዱን ዘጋባቸው፣ እንግሊዛዊው አዛዥም ተኮሰ። ሳጅን አጄቴይ፣ ኮርፖራል አቲፖና ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቴይ ወደቁ። ከተማዋ በቁጣ ነደደች። የነፃነት ትግሉ መሪ ንክሩማ ታሰረ፤ ተፈታ፤ እንደገና ታሰረ፤ በ1951 ምርጫውን ያሸነፈው እስር ቤት ሆኖ ነው። እኔ «ያለ ደም» ስል እነዚህን ሦስት ሰዎች አላውቃቸውም ነበር። አፍሬያለሁ።

አንተም ግን ኬንያውያን ከመጀመሪያው ጫካ የገቡ አስመስለህ ነበር የነገርከኝ። ኬንያታ በ1929 ለንደን ድረስ የሄደው የኪኩዩን የመሬት አቤቱታ ይዞ ነው። አልጄሪያዊው ፈርሃት አባስም በ1943 ማኒፌስቶ ጽፏል። ወረቀት ያልሞከረ አልነበረም! ልዩነቱን ያመጣው መሬቱ ነው። በጋና ነጭ ሰፋሪ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የካካዎው እርሻ በገበሬው እጅ ነበር፤ እንግሊዝ ብትወጣም ንግዱ ይቀጥላል። በኬንያ ግን ለም የሆነው ደጋ ለነጮች ተከልሎ ነበር። አልጄሪያ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አውሮፓውያን ሰፍረው ነበር፤ ፓሪስም አገሪቱን የፈረንሳይ አካል ትላት ነበር። የሰውን ርስት ይዞ ለልጁ ለማውረስ የተዘጋጀ ሰው በአቤቱታ አይነሣም። በአልጄሪያዋ ሴቲፍ ከተማ የአልጄሪያውያን ደም የፈሰሰው አውሮፓ ከናዚ ነፃ መውጣቷን ባከበረችበት ዕለት፣ ሜይ 8 ቀን 1945 መሆኑን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ኬንያ ውስጥ እንግሊዝ የማው ማውን አመፅ ለማፈን ባወጀችው የአስቸኳይ ጊዜ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በስቅላት ተገደለ። እንግሊዝ ለ5,228 ተጎጂዎች ካሣ ለመክፈል የተስማማችው በ2013 ነው፤ ስንቱ አፈር ከለበሰ በኋላ!

ጊኒስ? በ1958 ከፈረንሳይ ጋር በአንድ ማኅበር ትቆይ እንደሆን ስትጠየቅ በድምፅ ብቻ «አይሆንም» አለች፤ ፈረንሳይ በቁጣ ባለሙያዎቿንና እርዳታዋን ነቅላ ወጣች። በምርጫ ካርድም ዋጋ ያስከፍላሉ።

ህንድን አላነሳሁም። ነፃነቷ በድርድር መጥቶ ሳለ የ1947ቱ ክፍፍል ያን ሁሉ ሕዝብ ሲፈጅና ሲያፈናቅል፣ በየትኛው መስፈሪያ እንደምንሰፍረው ግራ ገብቶኛል። እስቲ አንተ ጻፍልኝ፤ አድራሻዬ ያው የድሮው ነው።

ያንተው