መንገዱስ አለ፣ ምንጩን አድኑልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ «ሰሜን ሸዋ ጋራው፣ ሸለቆው፣ ምንጩ ሞልቶ ተርፎት የእግር ጉዞ መሥመር ግን የለውም፤ መንግሥት ያሠራለት» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ሐሳባቸው ቅን ነው። «የለውም» የምትለዋ ግን አልተዋጠችልኝም። መንገድማ ሞልቷል! ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው አለ። ከጉዶ በረት ተነሥቶ የወፍ ዋሻን ጫካ እየታከከ የሚሄደው አለ። መንዝ ከገባችሁ ደግሞ ከደብር ወደ ደብር፣ ከገበያ ወደ ገበያ የእግር መንገድ የማይደርስበት ቦታ የለም። ዛሬም እናቶች ጌሾና ገብስ ተሸክመው፣ አህያ እየነዱ የሚመላለሱበት ነው። ዶዘር አምጥቶ አዲስ መቁረጥ ምን ይሉታል?

የአልዩ አምባውን ብቻ ብንወስድ እንኳ መንገዱ ከብዙ አስፋልት ይበልጣል በዕድሜ። የሲራራ ነጋዴ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ፣ እዚያ ገበያ ሲደርስ ነበር እፎይ የሚለው። ጨው ይመጣል፣ ጨርቅ ይመጣል፤ ቡናው ይወርዳል፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፣ ይሄንንም መደበቅ የለብንም። ግመል ዳገቱን ስለማይወድ ጭነቱ ወደ በቅሎና አህያ ይዛወርና ሽቅብ ወደ አንኮበር ይያዛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስም ሻንጣውን አስጭኖ የወጣው በዚሁ በኩል ነው። እና አሁን መጥተን «መሥመር የለም» ስንል ዳገቱ ራሱ ይታዘበናል።

ችግሩ ሌላ ነው። ችግሩ ምንጭ ነው።

የድሮ መንገድ ዝም ብሎ አይጠማዘዝም። ከምንጭ ወደ ምንጭ ነው የሚሄደው፤ ጭነት ያለው እንስሳ ውኃ ካላገኘ ዳገት አይወጣማ። በስልካችሁ ካርታ ላይ «እዚህ ጋ ለምን ዞረ?» የምትሉት ቦታ ሁሉ፣ ብትወርዱና ብታዩት፣ ከታች ውኃ አለ ወይም ነበረ። አፋፉ የተሠራው ተደራርቦ ከተኛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ክረምት ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ በስንጥቁ እየሰረገ ይገባና፣ ውኃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲገጥመው በገደሉ ጎን ብቅ ይላል። ለዚህ ነው ምንጮቹ ብዙ ጊዜ በአንድ ከፍታ ላይ በተርታ የሚገኙት። (በነገራችን ላይ፣ ከአፋፉ ወደ ምዕራብ ያለው ውኃ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፣ የምሥራቁ ወደ አዋሽ ይወርድና ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ልክ አፋፉ ላይ ቤት የሠራ ሰው በአንዱ ክፈፉ ግብፅን፣ በሌላው አፋርን ያጠጣል ብል አልዋሸሁም።)

ምንጩ ሲሞት መንገዱም አብሮ ይሞታል። ገበያተኛው ሌላ አቅጣጫ ይፈልጋል፣ ቁጥቋጦው ይገባበታል፣ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱ ያጥረዋል፤ አለቀ።

ከእኛ መንደር በታች ያለውን ላሳያችሁ። ድሮ ዙሪያው ግራዋና ኮሶ ነበር። ከራሱ ላይ ሰው ይቀዳል፣ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፣ ከዚያ በታች ልብስ ይታጠባል። የጻፈው ሰው የለም፣ ግን የሚያፈርሰውም አልነበረም፤ ካፈረሰ የሰፈሩ ሽማግሌ ቁጭ አድርጎ ይጠይቀዋል። በኋላ ምንጭ ማጎልበት የሚባለው ሥራ መጣ። የሲሚንቶ ሳጥን ተሠራ፣ ቱቦ ተዘረጋ፣ መንደሩ አጠገብ ቧንቧ ተተከለ። ጥሩ ሥራ ነው፣ እናቶቻችን ጀርባቸው ዐርፏል፤ ይሄን የሚክድ የለም። ነገር ግን የከብት ገንዳውን ረሱት። ወይም በጀቱ አልበቃ አለ፣ አላውቅም። ከብት ደግሞ በጀት እስኪመጣ አይጠብቅም። ከሳጥኑ በላይ ያለውን ረግረግ እየረገጠ መጠጣት ጀመረ። ጭቃው በሳጥኑ ስንጥቅ ገባ። ሣሩ ተላጠ። አሁን በበልግ ዝናብ ቧንቧው ሻይ የመሰለ ውኃ ያወርዳል፣ ጭነት ይዞ የሚያልፍ ሰው ደግሞ አህያውን የሚያጠጣበት ስለሌለ በሌላ በኩል ዞሮ ይሄዳል። አንድ የድንጋይ ገንዳና ትርፍ ውኃውን የሚያወጣ አንድ ቱቦ ነበር የጎደለው። ይኸው ነው።

በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ አለ። ገበሬው ለምን እንደሚተክለው ይገባኛል። አጠናው በጥሬ ብር ይሸጣል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ውርጭ የመታው ገብስ ግን ምንም አያስተምርም። ስለዚህ ንቀሉ አልልም። ከምንጭ ራስ ላይ ግን ራቅ ይደረግ። ይሄን ለማለት ጥናት አያስፈልግም፣ በየቀበሌው ያሉ አዛውንቶችን ጠይቁ፣ የትኛው ምንጭ መቼ እንደቀጠነ በጣታቸው ያሳዩዋችኋል።

ደግሞ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጠበል የሆነ ምንጭ ማንም አይደፍረውም። ጻድቃኔ ማርያም በየወሩ በ21 ስንት ሕዝብ ይወርዳል፤ ጠበሉ ዘንድ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ቀንሶ ነው የሚቀርበው። ያው ሰው ሲመለስ መንገድ ላይ ያለው ስም የለሽ ምንጭ ውስጥ እግሩን በሳሙና ይታጠባል! ውኃው ያው ከአንድ ደመና የወረደ ነው።

ወደ ተጓዦቹ ልምጣ። ሰላም በነበረበት ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጡት ብዙ ነበሩ። ጨዋ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ምሳቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው ይመጣሉ፣ ውኃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ላስቲኩን እኛ ጋ ጥለው ይመለሳሉ። ስፒከር የሚይዙም አሉ። ጣርማ በር ላይ ለጭላዳ ብስኩት የሚወረውሩትንማ ምን ልበላቸው? ጭላዳ ሣር የሚግጥ እንስሳ ነው። ብስኩት ስታስለምደው መኪና ሥር መግባት ይማራል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ አስጎብኚ ከኢንተርኔት ያወረደውን መሥመር እያየ ቡድኑን በቆመ የባቄላ ማሳ መሀል ሲያሳልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ ከላይ ሆኖ «ኧረ መንገዱ እኮ እዚህ ነው!» እያለ ይጮሃል። እውነቱን ነበር፣ መንገዱ ሃያ እርምጃ ወዲህ ነበር። አንድ የሰፈር ልጅ መሪ አድርገው ቢቀጥሩ ኖሮ ባቄላውም ይተርፋል፣ ልጁም ይበላል።

ይህ ሁሉ ሊስተካከል እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጓሳ ሂዱ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያንን የሣር ምድር በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመዱን የሚገምድበት፣ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ሁሉ ከዚያ ነው። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ አሮጌው ሥርዓት ፈረሰ፣ ብዙ ነገርም ተጎዳ፤ በኋላ ግን ሰዉ ራሱ መልሶ በሌላ መልክ አቋቋመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳ የሚያርፍበት ማረፊያም የማኅበረሰቡ ነው። ለሣር ይህን ያህል ያሰበ ሕዝብ ለምንጭ ማሰብ አያቅተውም። ሥልጣኑን ለሽማግሌዎቹ መልሱላቸው፣ የቀበሌ ማኅተም ጨምሩበት፣ ይበቃል።

አሁን ባለው ሁኔታ ማንም እንደልቡ ተራራ እንደማይወጣ እናውቃለን። የቱሪስት ወሬ ራሱ ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ምንጭ ግን የቱሪስት ጉዳይ አይደለም፤ ተጓዥ ባይመጣም እኛ እንጠጣዋለን። እንዲያውም ጉዞው ጋብ ባለበት በዚህ ጊዜ ነው መሠራት ያለበት። ስለዚህ ለእግር ጉዞ ተብሎ የሚመደብ ገንዘብ ካለ፣ ቆርቆሮ ቦርድ መትከያና የሲሚንቶ ደረጃ ከመሆኑ በፊት የመጀመሪያው ብር ለከብት ገንዳ ይዋል። ሁለተኛው ለምንጩ አጥር። ከተረፈ የታጠረው የእግር መንገድ ከባለመሬቱ ጋር ተነጋግሮ ይከፈት። ቦርዱ ይቆያል፤ እረኛ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል።

ያንን ደብዳቤ ለጻፉት ሰው ደግሞ፦ ቀን ሲወጣልን ከመስቀል በኋላ ይምጡ፣ ያኔ ምንጩ ሁሉ ሙሉ ነው፣ ጭቃውም ደርቋል። በቅሎ ጎረቤላ ላይ ጠይቀው ይከራዩ፣ ዋጋውን ግን ከመነሳትዎ በፊት ይጨርሱ፣ በኋላ ላይ ክርክር ነው። ምሳ አይያዙ፤ ሽሮና ጠላ መንገድ ላይ አይጠፋም፣ ከፍለው ይብሉ። ብርድ ልብስም አያስፈልግዎትም፣ ያሳደረዎት ሰው የመንዝ ባና ያለብስዎታል። ጫማዎ ጠበቅ ያለ ይሁን እንጂ፤ ወደ አልዩ አምባ ሺህ ሜትር ገደማ ነው የሚወርዱት፣ ጉልበትን የሚበላው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው።

የአንኮበር ተወላጅ፣ ከደብረ ብርሃን