ጨርሶ አለመስማትና ሰምቶ መተው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በክልሎች ወሰን ላይ በሚደረጉ ክርክሮች ደቡብ አፍሪካ በሽግግሯ ዘመን ካርታዋን በአጭር ጊዜ አስተካክላ እንደተገላገለች ሲነገር ስለምሰማ፣ ነገሩ እንዲያ ቀላል እንዳልነበረ ለማስታወስ ይህን ጽፌያለሁ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1993 ተደራዳሪ ፓርቲዎች የሰየሙት ኮሚሽን አራቱን ነባር ክፍላተ ሀገርና ለጥቁሮች ተነጥለው የተከለሉትን አሥር «ባንቱስታኖች» ጠቅልሎ አዲስ አከላለል እንዲያቀርብ የተሰጠው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ነበር። የመጀመሪያው ምርጫ ደጅ ላይ ስለነበር ጥድፊያውን አልነቅፍም። ዘጠኝ ክልሎች ተፈጠሩ፤ ቅሬታውም አብሯቸው ተወለደ። ቅሬታ ካነሡት አካባቢዎች አንዱ የሆነው ቡሽበክሪጅ ከሊምፖፖ ክልል ወደ ምፑማላንጋ ክልል እስኪዛወር 2006 ደርሷል።

እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ሁለት ሌሎች ስፍራዎችን ነው። በ2005 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማታቲየሌ የተባለው አካባቢ ከክዋዙሉ ናታል ክልል ወደ ምሥራቅ ኬፕ ክልል ሲተላለፍ፣ የክዋዙሉ ናታል ምክር ቤት ነዋሪውን ጠርቶ አላነጋገረም ነበርና የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2006 ውሳኔውን ሽሮ ለማረሚያ 18 ወራት ሰጠ። ሕዝቡ ከተደመጠ በኋላም አካባቢው ዞሮ ዞሮ ምሥራቅ ኬፕ ገባ።

በጋውቴንግ ክልል በነበረችው በኩትሶንግ ከተማ የሆነው ተቃራኒው ነው። የጋውቴንግ ምክር ቤት ነዋሪውን ሰምቶ፣ በጋውቴንግ የመቆየት ፍላጎቱንም ደግፎ ሲያበቃ አቋሙን ለውጦ ከተማዋ በዚሁ ማሻሻያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ክልል እንድትጠቃለል ተስማማ። በጎዳናው ጎማ ነደደ፤ ትምህርት ተቋረጠ፤ ነዋሪው የ2006ቱን የአካባቢ ምርጫ ሳይመርጥ ቀረ። ፍርድ ቤቱ በ2008 አሠራሩ ሕግ አልጣሰም ብሎ የነዋሪዎቹን ክስ ውድቅ አደረገ፤ በዓመቱ ግን ያው ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን እንደገና አሻሽሎ ከተማዋን ወደ ጋውቴንግ መለሳት። በ1993 የተጀመረው ሥራ እዚህ ሲደርስ 16 ዓመት ሆኖታል።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 ክልሎች ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወስን ያዝዛል። ፍላጎቱ በምን መንገድ እንደሚታወቅ ግን አንቀጹ አይዘረዝርም። ስለዚህ ጋዜጣዎ የወሰን ጉዳይ ሲዘግብ «ከሕዝብ ጋር ውይይት ተደርጓል» የሚለውን መግለጫ ብቻ ከማተም ይልቅ፣ ውይይቱ የትና መቼ እንደተካሄደ፣ እነማን ተገኝተው ምን እንዳሉ፣ ያሉትም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ እንደሆነና ውሳኔው ከዚያ ቢለይ ምክንያቱ ምን እንደሆነ እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ