ስለ ክረምቱ ጉምና ስለ ማለዳው በረራ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከእኛ ትኬት ቆርጣችሁ በእኛ ሚኒባስ ወደ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ለምትሄዱ መንገደኞች፣ እንዲሁም በማረፊያው አካባቢ ሱቅ፣ ቁርስ ቤትና የኪራይ ክፍል ላላችሁ ጎረቤቶቻችን ነው። ክረምቱ ሲገባ የማለዳው በረራ ለምን እንደሚዘገይ ልናስረዳችሁ፣ ከሰኔ 1 ጀምሮ በአሠራራችን ላይ ያደረግነውንም ለውጥ ልናሳውቃችሁ ፈልገን ነው።

ለውጡን ያመጣው ባለፈው ክረምት የደረሰ አንድ ነገር ነው። አንዲት እናት ለሕክምና ቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የማለዳውን በረራ ትኬት ከእኛ ቆረጡ። ቀጠሯቸው በዚያው ዕለት ከረፋዱ 4 ሰዓት ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤታቸው ስንወስዳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የራጅ ፖስታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንዳይታጠፍ በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ጉሙ አልገለጥ ብሎ አውሮፕላኑ ከጅማ የተነሣው እሳቸው ሐኪም ፊት መቅረብ በነበረባቸው ሰዓት ነው። ሌላ ቀጠሮ የተሰጣቸው ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው ብለን እናምናለን፤ ትኬቱን ስንቆርጥላቸው ለምን ጉዳይ እንደሚሄዱ አልጠየቅናቸውም። ጠይቀን ቢሆን ኖሮ በዋዜማው ሄደው እዚያ እንዲያድሩ እንመክራቸው ነበር።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ አለ፤ «ከቤታችን ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ታዲያ ምን ጉም አለ ትሉናላችሁ?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጊልጊል ጊቤ ተፋሰስ ውስጥ፣ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። አፈሩ ዓመቱን በአብዛኛው እርጥብ ነው፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ያዘለ ይሆናል። ቀን ሲዘንብ ውሎ ሌሊቱን ደመናው የተገለጠ እንደሆነ መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ወደ ላይ ይለቃል፤ ከመሬቱ ጋር የሚነካካው እርጥብ አየርም አብሮ ይቀዘቅዝና ወደ ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ይለወጣል። ጉም የምንለው ይኸው ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከኮረብታው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ደግሞ የሚሠራው በሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው ኮከብ እያየ ሲወጣ፣ መንደርደሪያው ላይ የቆመ ሰው ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለውን ነገር ላያይ ይችላል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስም ጉሙ ንቅንቅ አይልም። ነፋስ ቢነሣ በፈጠነ ነበር፤ እንዲህ ያለው ማለዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው።

ሁለተኛው ነገር የማለዳው አውሮፕላን ከየት እንደሚመጣ ነው። እናንተን ይዞ የሚነሣው አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ በዚያው ጠዋት መንገደኛ ጭኖ ከቦሌ የሚመጣው ነው። አብራሪው ለማረፍ ሲወርድ በተወሰነ ከፍታ ላይ መንደርደሪያውን በዓይኑ ማየት አለበት፤ ካላየ ተመልሶ ወደ ላይ መውጣት ግዴታው ነው። ስለዚህ የጅማ የአየር ሁኔታ መጥፎ መሆኑ ሲነገር አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ ተነሥቶ ከሆነም አየር ላይ እየዞረ ይቆያል ወይም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ስለሆነ የራሱ ጉምና ዝናብ አለው። በዚያ ላይ አንዱ አውሮፕላን በቀን ውስጥ ብዙ ከተሞችን ስለሚያዳርስ፣ ጅማ ላይ የጠፋችው አንዲት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ ላይ ትታያለች፤ የሌላው ከተማ መዘግየትም እኛ ዘንድ ይደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጅማ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎች አንዷ ነበረች። አውሮፕላኑ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ ጉሙ ግን ያው ነው፤ ጉም ባለበት የሚጠብቅ አብራሪም የሁላችንንም ነፍስ እየጠበቀ መሆኑን እንድታስቡልን እንለምናለን።

ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን ወስነናል። ከእንግዲህ ከእኛ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ሁሉ «አዲስ አበባ የሚጠብቅዎ ጉዳይ ምንድን ነው? በስንት ሰዓትስ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው የግል ጉዳያችሁን ለማወቅ አይደለም፤ «ቀጠሮ አለኝ» ማለት ብቻ ይበቃናል። የሐኪም ቤት፣ የፍርድ ቤት ወይም የኤምባሲ ቀጠሮ ያለው ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በቀጠሮው ዕለት ማለዳ እንዳይጓዝ፣ በዋዜማው እንዲሄድ አጥብቀን እንመክራለን። ምክራችንን ሰምቶም ማለዳውን የመረጠ ሰው ትኬቱን እንቆርጥለታለን፤ ውሳኔው የራሱ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የሚቀጥሉ መንገደኞቻችን ነገር ነው፤ በተለይ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እኅቶቻችን። ከጅማ እስከ መጨረሻው መዳረሻ በአንድ ትኬት የተያዘ ጉዞ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። የውጭው ትኬት በአንድ ወገን፣ የጅማው ደግሞ በሌላ ወገን ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ግን ሁለቱ በረራዎች እንደ አንድ ጉዞ አይቆጠሩም፤ ያመለጠው በረራ ገንዘብም የመንገደኛው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ትኬታችሁን ሌላ ሰው የቆረጠላችሁ ከሆነ እባካችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ቢሯችን ኑ፤ ከእኛ ባይገዛም አይተን እንነግራችኋለን፤ ለዚህ ምንም ክፍያ አንጠይቅም።

ሚኒባሱን በተመለከተ፣ ጉም ባለበት ቀንም የምንወስዳችሁ በተለመደው ሰዓት ነው። «ያው መዘግየቱ አይቀርም» ብሎ አርፍዶ መነሣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ አውሮፕላኑ ዘገየ ማለት የቼክ ኢን መስኮቱ ከሰዓቱ በኋላ ክፍት ሆኖ ይቆያል ማለት አይደለም። ባለፈው ዓመት አውሮፕላኑ ገና ሳይመጣ ከበረራው የቀሩ መንገደኞች አጋጥመውናል። እስከ ዛሬ ሾፌራችን በር ላይ አውርዷችሁ ይመለስ ነበር፤ ከሰኔ 1 ጀምሮ ግን አውሮፕላኑ ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ መኪና ማቆሚያው ላይ ይቆያል። በረራው ከተሰረዘ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ቤታችሁ ይመልሳችኋል። በመኪና መሄድ የሚፈልግ ካለም እንዲያስብበት የምንለው፣ በወልቂጤና በወሊሶ በኩል ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ረፋድ ላይ የተነሣ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው አመሻሽ ላይ መሆኑን ነው።

አሁን ጎረቤቶቻችንን የሚመለከት ጉዳይ እናንሣ። በረራን የሚያስተጓጉለው ጉም ብቻ አይደለም፤ ወፍም ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከፍታ እየያዘ ሳለ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብቶበት ወድቋል፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ርግብ እንዲህ ካደረገች አሞራና አባ ኮዳ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቆሻሻ መጣያ ከአውሮፕላን ማረፊያ ቢያንስ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ግን ከአጥሩ ትይዩ ባለው ቦይ ውስጥ የምግብ ትርፍራፊ፣ ከሥጋ ቤት የወጣ አጥንትና የዶሮ ላባ ተጥሎ፣ አሞራዎች አጥሩ ላይ ተደርድረው በየጠዋቱ እናያለን። የእኛ ቢሮ ቆሻሻም ከዚያ ቦይ ይደፋ ነበር፤ አሁን ክዳን ባለው በርሜል አጠራቅመን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንሰጣለን። ቁርስ ቤትና ሥጋ ቤት ያላችሁ ጎረቤቶቻችን እንዲሁ እንድታደርጉ፣ በርሜል መግዛት ለጊዜው የከበዳችሁም የእኛን እንድትጠቀሙ በአክብሮት እንጠይቃለን። ልጆች በአጥሩ አጠገብ ከብት ሲያግዱ ወደ ውስጥ እንዳያስገቡም አደራ እንላለን።

ስለ ዕቃ ሁለት ነገር ብቻ እናስታውሳለን። የስልክ ባትሪ መሙያ ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ማርና ቅቤ የምትልኩ ደግሞ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርጋችሁ በፌስታል ደርባችሁ እሰሩት፤ በጄሪካን የተላከ ማር ፈስሶ የሌላ መንገደኛ የሰርግ ልብስ ሲያበላሽ አይተናል። በትኬቱ ላይ ያለው ስምና በመታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ሳይቀር አንድ መሆኑንም ትኬቱን ስትቀበሉ እዚያው ቢሯችን አረጋግጡ፤ በር ላይ ደርሶ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ከላይ ያነሣናቸው እናት በሁለተኛው ቀጠሯቸው በዋዜማው ሄደው በሰዓቱ ታክመው ተመልሰዋል። ለዚህ ክረምት የማለዳ ትኬት ቀድማችሁ የቆረጣችሁና ቀጠሮ ያላችሁ ደንበኞቻችን፣ ጉዞውን ወደ ዋዜማው ለማዛወር እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ቢሯችን ብትመጡ የእኛን የአገልግሎት ክፍያ አናስከፍልም፤ አየር መንገዱ የሚጠይቀው የዋጋ ልዩነት ካለ ግን አስቀድመን እንነግራችኋለን። ቢሯችን እሑድን ጨምሮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጉዞ ወኪላችሁ
ጅማ