ማክሰኞና ሐሙስ 11፡30 ላይ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ከገጠር መጥተው ሰው ቤት ስለሚሰሩ ልጆች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ያነበብኩት ለአማርኛ አሳይመንት ነበር። ቲቸር ስለ ወጣቶች ችግር የተጻፈ ነገር ፈልጋችሁ አንብቡና የተሰማችሁን አንድ ገጽ ጻፉ ብላን ነው። ጻፍኩ፣ ከ10 9 አገኘሁ። የጻፍኩት ግን በጣም አሳዝኖኛል፣ መንግስትም ህብረተሰቡም ትኩረት ሊሰጠው ይገባል የሚል ነው፣ አሁን ሳየው አፍራለሁ። እዛ ወረቀት ላይ ያልጻፍኩትን ለእናንተ ልጻፍላችሁ።

ጽሁፉን ሳሎን ቁጭ ብዬ ለእማዬ ድምጼን ከፍ አርጌ ነበር የማነብላት። ልጅቷ በ12 አመቷ በደላላ እንደመጣች፣ ቀጣሪዋ አስተምርሻለሁ ብላ እንዳላስተማረቻት የሚለው ጋ ስደርስ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፈው ልጅ ቢላዋዋን አቆመች። ዝም አለ በቃ። እማዬ "ውይ ጭካኔ" አለች፣ እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ፣ ትንሽ ቆይቶ ቢላዋው እንደገና ጀመረ። ማታ እቃ አጥባ ስትጨርስ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆማ "ያቺ ጋዜጣው ላይ ያለችው ልጅ፣ ትምህርቷን ጨረሰች እንዴ?" አለችኝ። ጽሁፉ እሱን አይልም። አላውቅም አልኳት።

እኛ ቤት ከመጣች ሁለት አመቷ ነው። ከጎጃም ነው የመጣችው፣ በእድሜ ከኔ ጋር እኩያ ናት፣ እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ እሷ የማታ 6ኛ ክፍል፣ ዘንድሮ እየደገመችው ነው። ጨረሰች ወይ ያለችኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ በማግስቱ ደብተርሽን አሳዪኝ አልኳት። ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ከሊጥ ባልዲው በላይ መደርደሪያው ላይ ነው የምታስቀምጠው፣ የሂሳብ ደብተሯ ጠርዙ ላይ የዘይት ጠብታ አለው። ጽሁፏ ከኔ ይበልጣል፣ ቀኑን ሁሌም በቀይ ትጽፋለች። መስከረምና ጥቅምት ሙሉ ነው። ከህዳር ጀምሮ ግን ሂሳቡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ አማርኛውና ሳይንሱ ሲቀጥል ሂሳቡ ብቻ ቆሟል። ለምን ስላት መጀመሪያ ዝም አለች፣ ስጨቀጭቃት "ሂሳብ ማክሰኞና ሐሙስ ነው" አለች።

ማክሰኞና ሐሙስ 11፡30 ላይ የኔ ቱቶር ይመጣል። ለማትሪክ ብለው ከህዳር ጀምሮ የሂሳብ አስጠኚ ቀጥረውልኝ ነበር፣ ሲመጣ በር የምትከፍተው እሷ ናት፣ ሻይና ዳቦ የምታቀርበው እሷ ናት፣ እማዬ ደግሞ ከስራ ምትገባው 1 ሰአት ስለሆነ ወንድ ልጅና አንቺ ብቻችሁን ቤት አትሆኑም ብላ ልጅቷ እንዳትወጣ አርጋለች። የሷም ክላስ የሚጀምረው 11፡30 ነው። እኔ ሂሳብ በማጠናበት ሰአት እሷ ከሂሳብ ትቀር ነበር፣ አራት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን ዛሬ አልሄድሽም ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ እሱን ነው አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው። ማታ ትምህርት ራሷ ወስዳ ነው ያስመዘገበቻት፣ ደብተርና ቦርሳ ገዝታላታለች፣ ለበአል ለኔ ልብስ ስትገዛ ለሷም ትገዛለች፣ ልጄ ነው የምትላት፣ ደሞዟንም አስቀርታባት አታውቅም። ስለዚህ የናንተን ጽሁፍ ስናነብ እኔም እማዬም እኛን ይመለከታል ብለን አላሰብንም። የሚደበድቡ፣ ደሞዝ የሚከለክሉ ሰዎች ታሪክ ነበራ፣ እነሱ ደግሞ ሌላ ሰዎች ናቸው። የተረዳሁት ነገር ምዝገባና ሰአት የተለያየ መሆኑን ነው፣ ብዙ ቤት ልጅቷ ተመዝግባለች ግን ያ ሰአት የሷ አይደለም፣ የእራት ሰአት ነው፣ እንግዳ የሚመጣበት ሰአት ነው፣ የኔ ቱቶር የሚመጣበት ሰአት ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ቢሆን ወደ ሌላ ቀን ይዞራል፣ ክላስ ግን አይዞርም።

ህግ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ጋ ደውዬ ሰራተኛን ከትምህርቷ ማስቀረት የሚከለክል ህግ የለም ወይ አልኩት። በ2011 የወጣው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 አመት በታች መቅጠር ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሰራተኛን ደግሞ በቀን ከ7 ሰአት በላይ ማሰራት አይቻልም ይላል፣ ከምሽቱ 4 ሰአት እስከ ንጋቱ 12 ሰአትም ማሰራት አይቻልም። ደስ አለኝ ስሰማው። ከዛ ግን ይሄ አዋጅ የቤት ሰራተኛን አይመለከትም አለኝ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት በሚል ውጪ ተደርጓል። ለነሱ የሚሰራው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሄር ህግ ነው፣ ቁጥር 2601 ላይ ከአሰሪው ጋር የሚኖር ሰራተኛ የስራ ሁኔታው የሚወሰነው በአሰሪው ህሊና ነው ይላል። አያቴ ልጅ በነበረችበት ጊዜ የወጣ ህግ ነው። የኛ ቤት ህሊና መጥፎ አልነበረም፣ ግን ህዳር፣ ታህሳስ፣ ጥር፣ የካቲት ሙሉ አላስታወሰም።

ሌላው የከነከነኝ እኔ አንድ ቀን ከክፍል ብቀር ወዲያው ለእናቴ ይደወላል። እሷ አራት ወር ከሂሳብ ስትቀር ማንም አልደወለም። ስም ሲጠራ ቀሪ ተብሎ ይጻፍባታል፣ እዛው ያበቃል። የማታ አስተማሪዎቹ ቀን ሲያስተምሩ ውለው ደክሟቸው እንደሚመጡ አውቃለሁ፣ እነሱን ለመውቀስ አይደለም። ግን ሲመዘገቡ የአሰሪዋ ስልክ ቢያዝ፣ ወላጅ እንደሚፈርመው አሰሪውም ከ11 ሰአት በኋላ ልጅቷን አላስቀርም ብሎ ቢፈርም ምን ችግር አለው? ለማይመቻቸው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ክላስ ቢኖር።

እኛ እንኳን ሙሉ ቀን ተምረን ቱቶር ተቀጥሮልን 12ኛ ክፍል ላይ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፣ በ2015 ከ845 ሺህ በላይ ተፈታኝ ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፣ 3.2 በመቶ። ያ ውጤት ሲወጣ ሀገሩ ሁሉ ስለኛ አወራ፣ ቲቪውም ሬዲዮውም ስለኛ ነበር። 6ኛ ክፍልን ስለምትደግም የማታ ተማሪ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ እኔ ነኝ እንዴ በዳይ አለች፣ ከዛ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና ደብተሩን አምጪው አለችኝ፣ ቆማ ገለጠችው። አሁን ቱቶሩ ቅዳሜ ጠዋት ሆኗል። ማክሰኞና ሐሙስ ወጡን የማሞቀው እኔ ነኝ፣ አባዬ እራት ስለሚዘገይበት ትንሽ አጉረመረመ ግን ለመደ። የቀራትን ሂሳብ ማታ ማታ አብረን እየሰራን ነው። ክፍልፋይ ላይ ነን። ደብተር ላይ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ብዬ ስጽፍላት ፈርታ እርሳሱን አስቀመጠች፣ ግማሽ ኪሎ ቅቤ ላይ ሩብ ኪሎ ቢጨመር ስላት ግን ሳልጨርስ "ሶስት ሩብ ነዋ" አለች። ሁለት አመት ሙሉ ሱቅ ስትላክ የኖረች ልጅ እኮ ናት፣ ወረቀቱን ነው ያላየችው።

ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነው፣ ክፍሏ የደረሰበት ላይ እንድትደርስ ብዙ ይቀረናል፣ የአራት ወር ትምህርት በማታ ማታ ጥናት እንደማይካካስ እየገባኝ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ስትጽፉ ደላላ ሰፈር ብቻ አትሂዱ፣ የሆነ የማታ ትምህርት ቤት በር ላይ 11፡30 ቁሙ፣ እየሮጡ የሚገቡትን ጠይቁ፣ ከዛ የስም መጥሪያውን አስከፍታችሁ ያልመጡት ስንት እንደሆኑ እዩ። እና ጽሁፉ ላይ የነበረችው ልጅ፣ ትምህርቷን ጨርሳ እንደሆነ ካወቃችሁ አውጡት። የኛዋ እስካሁን ሁለቴ ጠይቃኛለች።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ
ከአዲስ አበባ