ሠላሳ አራት ጥይት የሚጎርሰው ኢቫንስ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጠመንጃ ታሪክ ባወጣችሁት ጽሑፍ ከ30 በላይ ጥይት የሚይዝ የትከሻ መሣሪያ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ እንደሆነ ተገልጿል። አይደለም። በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ሜካኒክ ፎልስ ላይ ከ1873 እስከ 1879 እ.ኤ.አ. የተሠራው ኢቫንስ የተባለ ጠመንጃ 34 ጥይት ይጎርስ ነበር፤ አፈሙዙ 56 ሳንቲ ሜትር የሆነው ካርባይን (አጭሩ ዓይነት) ጭምር። የዘመኑ ዝነኛ የዊንቸስተር 1873 ካርባይን 12 ብቻ ነው የሚይዘው። ፈልሳፊው ዋረን ኢቫንስ፣ ይገርማል፣ የጥርስ ሐኪም ነበር።

የኢቫንስ ካዝና፣ ማለትም የጥይቱ መያዣ፣ ሰደፉ ውስጥ ያለ ቧንቧ ነው። የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠመዘዘ መስመር አለው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ አራት ቦይ ያለው ዘንግ ይዞራል። ምላጩን የሚከበው ማንሻ ወደ ታች ተገፍቶ በተመለሰ ቁጥር ዘንጉ ሩብ ዙር ይዞራል፤ ጥይቶቹ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ። የሚገፋቸው ሞላ ስለሌለ የሚላላ ነገር የለም። እርስ በርስም አይነካኩም። በተራ ቧንቧ ካዝና ግን የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን የጥይቱን ቂጥ) ስለሚጫን ጠመንጃው ሲናጥ እዚያው ሊፈነዳ ይችላል።

ችግሩ አሞላሉ ላይ ነው። በሰደፉ ጫፍ ባለችው ቀዳዳ አንድ ጥይት ይገባል፣ ማንሻው ይሠራል፣ ሌላ ይገባል፤ እንዲህ እስከ 34። ጎደል ሲል ልሙላው ቢሉ እያንዳንዱ የማንሻ እንቅስቃሴ ከፊት ያለውን ያልተተኮሰ ጥይት ያወጣዋል። ሲሞላ አንድ ቦይ ባዶውን ካለፈም ተራው ሲደርስ ተኳሹ ያቀባበለ መስሎት በባዶ ይስባል። የአሜሪካ ጦር ሲፈትነው ደግሞ በአቧራ ሙከራው ወደቀ። ይህን ያህል ቦይና ጥምዝ ላለው ካዝና አይገርምም።

ኢቫንስ የሚይዘው 28 ጥይት ነው የሚሉም አልተሳሳቱም። በአዲሱ ሞዴል ቀለሁ ከ25 ወደ 39 ሚሊ ሜትር ስለረዘመ በካዝናው የሚገባው ቁጥር ቀነሰ።

በእኔ ግምት ግን ኢቫንስን ከገበያ ያስወጣው የጥይቱ ዓይነት ነው። የኢቫንስ ጥይት ለኢቫንስ ብቻ ነበር። የዊንቸስተሩን .44-40 የተባለ ጥይት ግን ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮልት ሽጉጥም ይተኩሰው ነበር፤ አንድ ዝናር ለሁለት መሣሪያ ማለት ነው። ኩባንያው 12,000 ያህል ጠመንጃ ሠርቶ ተዘጋ።

እርማቱን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ