ጋዋኑ ሲቀየር የአገልግሎት ዘመኑ የት ይገባል?

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኤጀንሲ በተለወጠ ቁጥር ስለሚጠፋው የሠራተኞች የአገልግሎት ዘመን

የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችን ለባንኮችና ለመሥሪያ ቤቶች በሚያቀርብ ኤጀንሲ ውስጥ 6 ዓመት በሱፐርቫይዘርነት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው የራሴን አቤቱታ ይዤ ሳይሆን በእጄ ስላስፈረምኩት ወረቀት ነው።

ውል የሚያበቃበት ቀን እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ምድር ቤት፣ ባልዲና መወልወያ የሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ጠረጴዛ ይወጣል። ሴቶቹ ተሰልፈው ሰማያዊ ጋዋናቸውን አጣጥፈው ያስረክባሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ። የጎደለ ካለ ከመጨረሻው ደመወዝ ይቆረጣል። ቀጥሎ «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» የሚል ክሊራንስ ይፈርማሉ። ከሰዓት በኋላ ጨረታውን ያሸነፈው ኤጀንሲ ሰው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና አረንጓዴ ጋዋን ያድላል። ሴቶቹ ያው ናቸው፤ ባልዲውም ያው ነው። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት አረንጓዴውን ለብሰው ሲያልፉ «እንግዲህ ዛሬ ደግሞ አዲስ ተቀጣሪ ሆንኩ» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። ወለሉን መወልወል በጀመሩ በ9ኛ ዓመታቸው የሙከራ ጊዜ ውል ፈርመው ነው የወጡት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በመሠረቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ወቅታዊ ሥራ አንዱ ነው። የባንክ ወለል ግን ወቅት ጠብቆ አይቆሽሽም። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ እትዬ ግን ሁሌም 16 ላይ ናቸው። 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ እኔ የማውቃቸው የጨረታ ውሎች ግን ከ2 ዓመት አያልፉም ነበር። እንዲህ ከሆነ 5 ዓመት በምን ይሞላል?

ጥፋቱን በኤጀንሲ ላይ ብቻ ብጭን ራሴን ነጻ ለማውጣት ይመስልብኛል። የጨረታ ሰነድ ሳዘጋጅ ስሌቱን አውቀዋለሁ፦ ደመወዝ፣ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ፣ ጋዋንና ሳሙና፣ ፈቃድ የወጣችውን የምትተካ ሠራተኛ፣ የኤጀንሲው ኮሚሽን፣ በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ታክሱም ጡረታውም በሕግ የተተመነ ነው፤ ሳሙናም ያለ ዋጋው አይገኝም። ያለ ጠያቂ የሚቀነሰው ደመወዙ ነው። «ከዚህ በታች አይወረድም» የሚል የደመወዝ ወለል ሰነዱን ስንሠራ አልነበረንም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ከጻፈ ግን ዓመታት አልፈዋል።

አገልግሎቱን የሚገዛው ድርጅት ለኤጀንሲው ክፍያ ሲያዘገይም ያው ነው። ባንክ እየጠረጉ ደመወዝ ያልደረሳቸው ሴቶች ወደ ባንኩ ሲሄዱ «የኤጀንሲው ሠራተኞች ናችሁ» ይባላሉ፤ ወደኛ ሲመጡ «ባንኩ አልለቀቀም» እንላለን። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ድርጅቶች በኤጀንሲ መጠቀማቸውን አልቃወምም። ጽዳት ዋና ሥራው ያልሆነ መሥሪያ ቤት በሌላ ድርጅት ቢያሠራ ነውር የለውም፤ ብዙ ሰውም በዚህ በር ነው ሥራ ያገኘው። የምጠይቀው አሁን ባለው ሕግ መንፈስ የሚሄድ ነው። አዋጁ ድርጅት ሲዋሃድ፣ ሲከፈል ወይም ባለቤት ሲለውጥ የሠራተኛው ውል እንዳይነካ ይደነግጋል። ጨረታ ሲለወጥ ግን የተሸጠም የተዋሃደም ድርጅት ስለሌለ ሠራተኛዋ በመሃል ትወድቃለች። ሠራተኛዋ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሥራ ከቀጠለች የአገልግሎት ዘመኗ ወደ አዲሱ ኤጀንሲ እንዲተላለፍ መሥሪያ ቤታችሁ መመሪያ ያውጣ። በጨረታውም የሠራተኛው ደመወዝ ከውድድር ውጭ ሆኖ ለብቻው ይጻፍ፤ ኤጀንሲዎች በኮሚሽናቸው ይወዳደሩ። ደመወዝ ሲቀርም አገልግሎቱን የሚገዛው ድርጅትና ኤጀንሲው አብረው ይጠየቁ።

ተቆጣጣሪ ስትልኩ ደግሞ ጋዋን በሚቀየርበት ቀን ላኩ። ፋይል ላይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ነው፤ ክሊራንሶቹ ሁሉ ተፈርመዋል። አንዷም አንብባ ስትፈርም አላየሁም። እስክሪብቶውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ አላነበብኩላቸውም።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የኤጀንሲ ሱፐርቫይዘር