ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ሁለቱ ነካሾችሽ

ለልጄ ለሰብለ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ናሆምስ? እኛ፣ ብርድ ሲመጣ ከሚነሣባት የእናትሽ ጉልበት ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽውን የእጅሽን ፎቶ አይተናል። እናትሽ «ቁልቋል ስትቆርጥ ነው እንዴ የዋለችው?» አለች። የድመት ሥራ ነው ስላት «አውጥታ ትጣላቸው» ብላ ወዲያው ፈረደች። እኔ ይግባኝ ብያለሁ። በስልክ እንዳላስረዳሽ አንቺ ሁልጊዜ ታክሲ ውስጥ ነሽ፤ ስለዚህ አረፍ ስትዪ ታነቢው ብዬ ጻፍኩት።

የሥራ ዘመኔ በቢሾፍቱና በአካባቢዋ ባሉ የወተት ላሞች መካከል እንዳለፈ ታውቂያለሽ። በእኛ ጊዜ ድመት ታቅፎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ከተገኘ፣ ወረፋ የያዙት ባለላሞች ይሳሳቁበት ነበር። ቢሆንም በየመኖ ቤቱ ድመት አይጠፋም፤ ላሟ እስክትወልድ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዓይኔ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነበር።

የሁለት ወር ተኩል ድመት ሲነክስሽ ተቆጥቶ አይደለም፣ አደን እየተማረ ነው። ከሶፋ ሥር አድፍጦ መጠበቅ፣ ድንገት መወርወር፣ በፊት እግሮቹ አንቆ በኋላ እግሮቹ መርገጥ፣ አንገት ላይ መንከስ፣ ይህ ሁሉ አይጥ ለመያዝ የሚያስፈልግ ሙያ ነው። ጥርሱን ምን ያህል ማሳረፍ እንዳለበት የሚያስተምሩት ደግሞ እናቱና አብረውት የተወለዱት ናቸው። አጥብቆ ሲነክስ የተነከሰው ይጮኽና ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል፤ ነካሹ ብቻውን ይቀራል። ይህ ሲደጋገምበት ልኩን ያውቃል። ግልገል ድመት ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ቢቻል 12 ሳምንት ከእናቱ አይለይ የሚባለው ለዚህ ነው። እኛ አገር ግን ዓይኑን ገልጦ መራመድ ሲጀምር በካርቶን ተደርጎ ለጎረቤት ይታደላል። ያንቺዎቹ ውሮና ዳማም ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ዳማን ለመሥሪያ ቤት ጓደኛሽ ልሰጣት ነው ያልሽውን ተዪው። አንዱ ሲቀነስ ግማሽ ችግር ይቀንሳል ብለሽ ይሆናል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ውሮ ዛሬ የእህቱ ጆሮ ላይ የሚያሳርፈውን ጥርስ ነገ የሚያሳርፈው ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ነው። የምትፈሪው ትግላቸውም ቢሆን አብዛኛው ጨዋታ ነው። እንዲህ ለዪው፦ ሲጫወቱ ድምፃቸው አይሰማም፣ አንዴ አንዱ አንዴ ሌላው ከላይ ይሆናል፣ ሲደክማቸው ጎን ለጎን ይጋደማሉ። ጠብ ከሆነ ማጉረምረምና «ፍሽሽ» ማለት አለ፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ጅራት ያብጣል፣ ሁልጊዜ የሚሸሸውም አንዱ ነው። ያን ጊዜም እጅሽን መሐል አታስገቢ፤ በመካከላቸው ትራስ ጣል አድርጊ ወይም አጨብጭቢ።

አሁን ወደ ዋናው ተከሳሽ ልምጣ። ይህን ለባለቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ሥር የእግሩን ጣቶች እያንቀሳቀሰ እንደሚያጫውታቸው ናሆም በስልክ አጫውቶኛል፤ ልጅ ምስጢር አይቋጥርም። ለድመቶቹ ያ ጣት አይጥ ነው። ዛሬ አንድ ኪሎ በቅጡ የማይሞላው ውሮ ሲነክሰው ያስቃል። ከዓመት በኋላ 4 ኪሎ ሆኖ በጨለማ ሲዘልበት ግን የሚስቅ አይኖርም። በቤታችሁ አንድ ሕግ ይውጣ፤ እጅ ለመዳበስና ለማብላት ነው፣ የእግር ጣትም መጫወቻ አይደለም። አንዱ እየከለከለ ሌላው የሚፈቅድ ከሆነ ድመቶቹ የሚማሩት እንዲሞክሩ ብቻ ነው።

ሲነክሱሽ ደግሞ እጅሽን አትንጠቂ። ድመት የሚሸሽን ነገር ታሳድዳለች፤ በነጠቅሽ ቁጥር ጥርሱ ይጠልቃል፣ ጥፍሩም ይተለትልሻል። በፎቶው ላይ ያየኋቸው ረጃጅም ጭረቶች ከንክሻው ሳይሆን ከመንጠቁ የመጡ ናቸው። እጅሽን ልል አድርጊው፣ እንዲያውም በቀስታ ወደ አፉ ገፋ አድርጊው። የሚገፋ አይጥ አይቶ አያውቅምና ግራ ተጋብቶ ይለቅሻል። ከዚያ ሳትጮኺ፣ ሳትቆጪ ተነሥተሽ ሂጂ። ጥቂት ደቂቃ ጀርባሽን ስጪው፤ የእህቱ ትምህርትም ይኸው ነበር። አፍንጫውን በጥፊ መምታት፣ ውኃ መርጨት፣ ማጅራቱን ይዞ ማንጠልጠል የሚሉሽን አትስሚ። እጅ የሚያስፈራው ድመት ከጨዋታ አልፎ የምሩን መንከስ ይጀምራል።

ከለከልኩ ስትዪ ግን የሚነክሱት ነገር መስጠት አለብሽ። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ዘንግ ፈልጊ፣ ጫፉ ላይ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ የጨርቅ ቁራጭ ወይም የዶሮ ላባ እሰሪ። ፊታቸው ላይ አታወዛውዢው፤ አይጥ ወደ ድመት አይሮጥም። ከእነሱ እያራቅሽ መሬት ለመሬት ጎትቺው፣ ከወንበሩ እግር ኋላ ደብቂው፣ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ከዚያ ብድግ አድርጊው። ዳማ መቀመጫዋን ስታወዛውዝ ካየሻት ልትወረወር ነው። አልፎ አልፎ እንዲይዙት ፍቀጂላቸው፤ ይዞ የማያውቅ አዳኝ ብስጩ ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ብትሰጫቸው እጅሽ ያርፋል። የመጨረሻውን ጨዋታ ከመኝታችሁ በፊት አድርጊና ወዲያው አብያቸው። ድመት አድና ትበላለች፣ በልታ ትላላሳለች፣ ተላልሳ ትተኛለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፊቴ ላይ ይዘላሉ ላልሽኝ መላው ይኸው ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ንቁ የምትሆነው ሊነጋጋና ሊመሻሽ ሲል ነው፤ ያን ጉልበት ማታ ካላወጣሽላት ሌሊት ታወጣዋለች።

ጨዋታው ሲያልቅ ዘንጉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት። የእናትሽ የስፌት ክር፣ የስጦታ ሪባን፣ ከነጠላ ጫፍ የተመዘዘ ፈትል፣ ሁሉም ያው ናቸው። የድመት ምላስ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ እሾህ አለው፤ አንዴ የያዘውን ክር ለመትፋት ይቸግራታል። የተዋጠ ክር ደግሞ አንጀትን እንደ ከረጢት አፍ ሰብስቦ ይቆርጠዋል። ከአፋቸው ወይም ከኋላቸው ክር ተንጠልጥሎ ካየሽ አትጎትቺ፤ ድመቷን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሩጪ። የስልክ ቻርጀር ገመዶችንም ሰብስቢ። ከሦስት ወር እስከ ስድስት ወር የወተት ጥርሳቸውን ስለሚቀይሩ ድዳቸው ያሳክካቸዋል፣ ያገኙትን ያኝካሉ።

እሑድ ቡና ስታፈዪ ውሮ እንግዶቹ ፊት ቄጠማው ላይ ሸና ያልሽኝን ሳነብ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስቄያለሁ። ልጄ፣ የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ያ አውሬ እኛም አገር ይገኛል። ልል መሬት ፈልጎ፣ ቆፍሮ፣ ሸንቶ መቅበር ማንም ያላስተማራት ደመ ነፍሷ ነው። ሴራሚክ ወለል ላይ ድንገት ለስላሳና እርጥብ ሣር ሲነሰነስለት ውሮ መጸዳጃ ያዘጋጀሽለት መስሎታል። የሚጸዳዱበት ሳፋ የት ነበር? መታጠቢያ ቤት ውስጥ። በሩስ? እንግዳ ስላለ ተዘግቶ። ታዲያ ምን ያድርግ?

ደንቡ ለእያንዳንዱ ድመት አንድ ሳፋ፣ በዚያ ላይ አንድ ትርፍ ነው። ሦስት ሳፋ ለኮንዶሚኒየም እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ግን በተለያየ ቦታ አድርጊ፣ አንዱ በር የማይዘጋበት ይሁን። ጠርዙ አጭር፣ ለእነሱ እግር የሚሆን። ከምግባቸው አርቂው፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑም እንዲሁ፤ ማሽኑ ሲያጓራ የደነገጠ ድመት ወደዚያ አይመለስም። የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሙዪበት። ሰጋቱራም ይሆናል፣ ግን በእግራቸው ቤቱን ሁሉ ያዳርሱታል። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው፣ ሲረጥብ የሚጓጉለው አሸዋ እስኪያድጉ ይቆይ፤ ትንንሾቹ ይቀምሱታል፣ ሆዳቸው ውስጥም ይጓጉላል። ሽታ ያለው አትግዢ፣ የሚሸተው ለአንቺ እንጂ ለእነሱ አይደለም። ጠዋትና ማታ እዳሪውን አውጪ፣ በሳምንት አንዴ ሳፋውን በሳሙና እጠቢ። በቆሸሸ ሳፋ የማትጠቀም ድመት ጥፋተኛ አይደለችም፤ እኛም የሕዝብ ሽንት ቤት ስንገባ የምናደርገውን እናውቃለን።

የሸኑበትን ቦታ በበረኪና እንዳትነኪው። ሽንት አሞኒያ አለው፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ጉሮሮ የሚያንቅ ጋዝ ይወጣል፣ ናሆምም እዚያው ወለል ላይ ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጪው፣ በሳሙና እጠቢ፣ ከዚያ አቼቶ በውኃ በጥብጠሽ አባብሺው፤ የሶፋ ትራስ ከሆነ ፀሐይ ላይ አውጪ። ሽታው ከቀረ ተመልሰው እዚያው ይሸናሉ። አፍንጫቸውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚባለው የእናትሽ ዘዴ አንቺን መሸሽ ብቻ ነው የሚያስተምራቸው፤ ከዚያ በኋላ ተደብቀው አልጋ ሥር ይሸናሉ። ውሮ ሳፋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ የሚወጣው ጠብታ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ደም ካየሽ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ከተዘጋ በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ቅዝን የምትዪው ግን ከወተቱ ሳይሆን አይቀርም። ድመትና ወተት የማይነጣጠሉ መስለው ነው ያደግነው። ጡት ከተዉ በኋላ ግን ብዙዎቹ የላም ወተት አይፈጭላቸውም፣ ውኃ ይበቃቸዋል። ከማዕድ የሚተርፍ ወጥም ይቅር። ዶሮ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠርና ጉሮሮ ይወጋል። አሁን ሁዳዴ እየመጣ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ሲሆን ሽሮ በእንጀራ እንዳታቀርቢላቸው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ? ሥጋ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ለ55 ቀን ሥጋ ቤት መቆም ከከበደሽ ደረቁን የድመት መኖ ቀደም ብለሽ ግዢ። ቆሻሻ መጣያውን የሚገለብጡትም ርቧቸው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይብሉ፣ መጣያውም ክዳን ይኑረው።

የአያትሽ መሶብ ግን አሳዝኖኛል። ጎኑ ላይ ሰንደዶው እንደ ተበጣጠሰ በፎቶው ይታያል። ጥፍራቸውን የሚፍቁት አሮጌውን ቅርፊት ለመጣልና በመዳፋቸው ውስጥ ያለውን ሽታ ለመተው ነው፤ አይከለከልም፣ ቦታው ግን ይቀየራል። መሶቡን ከፍ አድርገሽ ስቀዪና እዚያው እነበረበት ላይ የማይነቃነቅ ግንድ አቁሚ፤ ወገባቸውን ዘርግተው የሚደርሱበት ቁመት ይኑረው፣ የቃጫ ገመድ አጥብቀሽ ጠምጥሚበት። ቃጫውን ከለመዱ በኋላ ወደ ፈለግሽበት ጥግ ቀስ በቀስ አንፏቂው። የጥፍራቸውን ጫፍም መቁረጥ ትችያለሽ፤ ነጩን ብቻ፣ ሮዙ ጋ ከደረስሽ ይደማል።

ሁለቱም 5 ወር ሲሞላቸው ይምከኑ። ውሮ ካደገ በኋላ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ሽንት ከቄጠማው የባሰ ነው፣ ዳማም በዚያ ዕድሜ ልታረግዝ ትችላለች፤ ከወንድሟም ቢሆን። እዚህ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ የማውቃቸውን እጠይቅልሻለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ክትባቱ። ሦስት ወር እንደሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰዱ፤ በሽታው ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። እስከዚያ ናሆምን ከነከሱት ወይም ከቧጨሩት ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢና ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ግልገል ነው፣ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ብለሽ አትተዪው፤ ከየት ካርቶን እንደመጣ አታውቂም። ያንቺንም እጅ በፎቶ ሳይሆን ለነርስ አሳዪው፤ ይህን ሳታደርጊ እንዳትደውዪልኝ።

ሲከተቡ ካርዳቸውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ማኅተሙ በደንብ ይታይ።

አባትሽ